በአዲሱ የወገብ ቦርሳ እንጦጦ የወጣሁ ቀን

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ሲግናል ሰፈራችን ውስጥ ጥላ አየሁ፣ ኮቴ ሰማሁ የሚል ካለ “ሂድና ተኛ፣ እንቅልፍ አጥተህ ነው” የምለው እኔው ነኝ፣ ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ ምን እንደምለው አውቃለሁ፣ እናንተም እንደዛ ብትሉኝ አልቀየምም።

ቢኒያም የሥራ ጓደኛዬ ነበር። ሁለታችንም ፎቶ አንሺዎች ነን፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሙሽራ እናነሳለን፣ ሥራ በሌለ ቀን ደግሞ ለራሳችን ወፍ ስናሳድድ እንውላለን። እኔ ዕቃዬን በትልቅ የጀርባ ሻንጣ ነው የምሸከመው፣ እሱ በትንሽ የወገብ ቦርሳ፣ በዚህች ነገር ስንነታረክ ነው የኖርነው። ሽቅብ ሳለከልክ “አንተ ሰውዬ፣ ቤት ልትቀይር ነው እንዴ የወጣኸው?” ይለኛል፣ የሱ ቦርሳ ደግሞ ክዳኑ ቬልክሮ ነው፣ ያ እየተቀደደ የሚከፈተው ማጣበቂያ፣ ሌንስ ሊቀይር በከፈተው ቁጥር ጭርርር ይልና ስንት ያደባንላት ወፍ ብር ትላለች፣ “ይኸው አባረርካት፣ ቦርሳ ነው ወንጭፍ?” እለዋለሁ። እለው ነበር ማለቴ ነው፣ እስካሁን አፌ አልለመደውም። ቢኒ ታመመ ተባለ፣ ሆስፒታል ገባ፣ ከዛ በቃ፣ ሳንጠግበው ሄደ።

ለቅሶው ላይ ነው ሌላው ሐዘን የመጣው። መቼም ለቀብር ትልቅ ፎቶ ታጥቦ ከሬሳው ፊት ይያዛል፣ የቢኒ ፎቶ ግን የለም! ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲያነሳ የኖረ ልጅ አንድ ደህና ፎቶ የለውም፣ ካሜራ ስታዞሩበት ወይ በእጁ ይጋረዳል ወይ ይሸሻል። በመጨረሻ የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ተለጥጦ ታጠበ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ፊቱ ደብዛው የጠፋ። እናቱ እማማ አስካለ አዩትና “ይሄ የኔ ልጅ ነው? ይሄማ ተይዞ የገባ ሰው ነው” ብለው አለቀሱ፣ ቆይተው እጄን ያዙና “ልጄ፣ በሞቴ፣ ለአርባው እሱን የሚመስል ፎቶ ፈልግልኝ” አሉኝ።

ያለኝን ፋይል ሁሉ በረበርኩ፣ አላጋንንም፣ ያገኘሁት ክርኑን፣ ጥላውን፣ ጎንበስ ሲል ጀርባውን ነው፣ ለእናት ክርን ይዤ ልሂድ? ባዶ እጄን ሄጄ ስነግራቸው የቢኒን የወገብ ቦርሳ ከቁም ሳጥን አውጥተው “በል እሱን እንኳ አንተ ያዘው፣ እኔ ምን አደርግበታለሁ” አሉኝ። መንካት አቃተኝ፣ “ኧረ ይቀመጥ እማማ፣ እኔ እገዛለሁ” ብዬ ወጣሁ። ፊቱ ካልተገኘ የሚወደውን ቦታ፣ እዛ ከየካ በላይ ያለውን ገደል አፋፍ ላንሳላቸው ብዬ ወሰንኩ፣ ያንን ትልቅ ሻንጣ ደግሞ ከሱ በኋላ መሸከም አስጠላኝ።

ጉርድ ሾላ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ “ብራዘር፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ዝናብ አያስገባም” እያለ ይደረድርልኛል፣ እኔ ግን ቢኒ እንዳሳየኝ ካሜራዬን ከነሌንሱ ጨምሬ፣ ታጥቄ፣ ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ ባዶውን ከሆነማ የማይመች ቦርሳ የለም፣ ቀበቶው መንሸራተቱ የሚታወቀው ሲጫን ነው። “ወንድሜ፣ ቦርሳ ልትገዛ ነው ወይስ ስፖርት ልትሠራ?” ብሎ ሳቀብኝ። አንዱን ብድግ አድርጌ ክዳኑን ስስበው ጭርርር አለ፣ ቶሎ መልሼ አስቀመጥኩትና “ዚፕ ያለው የለህም?” አልኩት። ሰጠኝ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ ክዳኑ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ጎንበስ ስትሉ ውስጡ ያለው ሁሉ የሚታይ፣ ቢኒ ቢያየው “አሁን ሰው ሆንክ” የሚለኝ ዓይነት።

በማግስቱ ከሰዓት ወጣሁ። ዘንቦ አባርቷል፣ ባሕር ዛፉ ይንጠባጠባል፣ ሰው የሚባል የለም። ቦርሳውን ወደፊት አድርጌ ታጥቄዋለሁ፣ ይሄን ያዙልኝ። አፋፉ ጋ ሳልደርስ ከኋላዬ ጭርርር። ከፊቴ ቁጥቋጦው ላይ የነበረች ወፍ ብር አለች። ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ነው ብዬ ቀጠልኩ፣ እኔ መቼስ እንዲህ ነኝ። ትንሽ ሄድ እንዳልኩ ደግሞ ጭርርር፣ አሁን ቅርብ ነው፣ እዚህ፣ ከጆሮዬ ሥር። የኔ ቦርሳ ዚፕ ነው እኮ! ሁለቴ ዳበስኩት።

አፋፉ ላይ ከተማውን ትንሽ አነሳሁና ካሜራውን ከኋላዬ ጉቶ ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ፣ ከዛ ምን ልበላችሁ፣ እንባዬ መጣ፣ ለቅሶ ቤት ሰው ፊት ያልወጣልኝ እዛ ወጣልኝ፣ ስሙን እየጠራሁ አነባሁ። ሲበቃኝ ዞር ብል ጉቶው ባዶ ነው። ተሰረቅኩ ብዬ ብድግ ስል ወገቤ ከበደኝ። ቦርሳው ወደ ኋላ ዞሯል፣ ቀበቶው ጥብቅ ብሏል፣ ዚፑ ተዘግቷል፣ ካሜራው ውስጡ አለ። የዛ ትልቅ ሻንጣዬ ቀበቶ ሲላላ ከኋላ መጥቶ ሳይጠይቅ እንደዛ የሚያጠብቅልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቁልቁል እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ከፈትኳቸው። መጨረሻ ላይ ያለው እኔ ነኝ። ከጀርባዬ፣ አፋፉ ላይ ተቀምጬ፣ ትከሻዬ ወድቆ፣ ከፎቶው ዳር ቀርቼ፣ አጠገቤ ባዶ ሆኖ፣ ከተማው ከፊቴ በጉም ተሸፍኖ። በራሱ የሚያነሳው ሰዓት ተሞልቶ ነው እንዳትሉኝ፣ አልሞላሁም፣ ጉቶው ደግሞ ከጉልበቴ በታች ነው፣ ፎቶው የተነሳው ሰው ቆሞ ከሚያነሳበት ከፍታ ነው።

ያንን ለማንም ላሳይ አላሰብኩም ነበር። እማማ አስካለ ግን የከተማውን ፎቶ ላሳያቸው ስልኬን ስሰጣቸው በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉና እሱ ላይ ቆሙ።

“ይሄን ማን አነሳህ?”

ስልኩን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

“ይሄ የቢኒዬ ነው” አሉ፣ “እሱ ነው ሰውን ወደ ዳር እያደረገ አጠገቡ ባዶ ቦታ የሚተው፣ ሙሽሮቹ ሁሉ የጎደለ ሰው ያለ ይመስላል እያሉ ይቆጡት አልነበር? መቼ አነሳህ?”

“ላክልኝ ካሉ እልክልዎታለሁ” ብቻ አልኩ፣ እሳቸውም ሌላ አልጠየቁኝም።

በአርባው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። የመታወቂያው ፎቶ የለም። በቦታው፣ በትልቅ ፍሬም፣ እኔ አለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ከፊቴ ሻማ እየበራ። ሰው ፎቶውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ያፍርና አንገቱን ይደፋል። ሮጬ ሄጄ “እማማ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ፣ በሕይወት ያለሁ ሰው ነኝ” አልኳቸው በሹክሹክታ።

“አውቃለሁ ልጄ” አሉኝ፣ በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን እየጠረጉ፣ “አንተን የሚያየው ግን እሱ ነው፣ ከዚህ የቀረበ ፎቶ ከየት ላምጣ?”

አውርዱት አላልኩም፣ ሰው መሀል ገብቼ ተቀመጥኩ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነስቶ ፎቶው ላይ ወዳለው ጀርባዬ እያየ “ነፍስ ይማር” አለ፣ ብርድ ብርድ እያለኝ፣ ዞሬ ኋላዬን ሳላይ፣ እኔም አብሬ አልኩ።