ሽቦ የሌለው መስመር

በዛርም በቡዳም አምኜ አላውቅም፣ የሚያምኑትንም እሰድባቸው ነበር፣ ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ቢሆንም ማሽን ፈትቶ መግጠም አያቅተኝምና ጎንደር ስልክ ቤት ጠጋኝ ሆኜ ገባሁ፣ እንግዲህ እመነኝም አትመነኝም የሆነው ይኸ ነው።

ማዞሪያው ሰሌዳ ላይ ለየመስመሩ አንዳንድ ትንሽ ክዳን አለ፣ ሰው ሲደውል የመስመሩ ክዳን ቀጭ ብሎ ይወርዳል። ጉምና ነፋስ የማይለየው ደጋ፣ የኮሶዬ ክዳን ማንም ሳይደውል ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር፣ በወረደ ቁጥር የከተማው ንግግር ሁሉ ይቋረጣል። የኮሶዬ መስመር ደግሞ የለም፣ ምሰሶዎቹን ነፋስ ጥሏቸው ሽቦውን ጠቅልዬ ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ ጥቅሉ እዚያው ክፍል ጥግ ተቀምጧል።

«ዛሬ ካላቃናኸው መፍቻህን አስቀምጠህ ውጣ» አለኝ ኃላፊያችን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጉረኛ። ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ልጆቼን ምን ላብላ ብዬ ዋጥሁት።

የሰሌዳውን ጀርባ ከፈትሁ፣ ክዳኑን የሚይዘው ሞላ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ዝገት አገኘሁ፣ ይኸው ነው አልሁና ጠረግሁት። ቀጭ። ሞላውን ቀየርሁ። ቀጭ። ተናድጄ የመስመሩን ገመድ ከነጭራሹ ቆረጥሁት።

ቀጭ።

ስልክ የምታገናኘው ወይዘሮ አትጠገብ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተን ነው።»

«ማነው?»

«እንጃ። አያ ታረቀኝ እያለ ይጠራሃል። ባንድ ጥሪ አቤት እንዳትል፣ ሰው ያልሆነ ነገር ደግሞ አይጠራም፣ እስኪደግም ጠብቅ።»

«ምነው፣ ጅብ ነው የሚጠራኝ?» ብዬ ሳቅሁባት።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ባደርገው ነፋስ ነው የሚሰማው፣ የዚያ የኮሶዬ ነፋስ፣ ከውስጡ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ስሜን ጠራ።

«አቤት» አልሁ።

ነፋሱ ቀጥ አለ። በእጅ ካልመለሱት የማይመለሰው ክዳን ራሱ ወደ ላይ ተመለሰ። ዞር ብዬ ጥቅሉን ሽቦ ባየው፣ ውጭ የበጋ ፀሐይ እየነደደ፣ ጉም እንዳደረበት ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል።

ኃላፊው መጥቶ ሞከረው፣ ንግግሩ አልተቋረጠም። «ምኑ ነበር?» አለኝ።

«ሞላው» አልሁት፣ ሌላ ምን ልበለው።

እንጀራዬ ተረፈ። በማግሥቱ ግን አትጠገብ ፊቷ አመድ መስሎ ጠበቀችኝ።

«በአዘዞ መስመር ደወለ። ትናንት አቤት ያለኝን ሰው አገናኚኝ አለ።»

«ምን አልሽው?»

«ቤቱ ነው አልሁት። እሄድለታለሁ አለ።»

እንግዲህ ቤቴ የመጣህ እንደሆነ ከአጥር ውጭ ቆመህ ስሜን አትጥራ፣ ድንጋይ አንስተህ ቆርቆሮውን ምታ። ከጠራኸኝ አልወጣም፣ ሚስቴም ብትጠራኝ አልወጣም፣ ቅር ካላችሁ ቅር ይበላችሁ።