ገደራ ላይ የበራው መብራት

«ምንድን ነው ይሄ ቢጫ?» አለች ማሪቱ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ።

ፊት የተቀመጠችው ልጇ ማዕያን ከእናቷ ቀድማ አይታዋለች። እስራኤል ውስጥ፣ ገደራ ከተማ መግቢያ ላይ፣ ከመሪው ጀርባ፣ የሞተር ምልክት ያለበት መብራት ቦግ ብሎ በራና በዚያው ቀረ። የሚነዳው የእናቷ አጎት ልጅ ሽሎሞ ነው፤ ማዕያን በዕብራይስጥ «ዶድ»፣ አጎቴ፣ ትለዋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፉ አይዘጋም፤ ዛሬ ግን ከቂርያት ማላኪ ከወጡ ጀምሮ አንድ ቀልድ እንኳ አልወጣውም።

ያቭኔ የሚኖረው የማሪቱ ታላቅ ወንድም ቢረሳው ዛሬ ጠዋት አርፏል። ሽሎሞ ያውቃል፣ ማዕያንም ታውቃለች። የማታውቀው ማሪቱ ብቻ ናት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በግራና በቀኝ የሚደግፍ ሰው ቆሞ ነው የሚነገረው። ስለዚህ «የቢረሳው ሚስት ታፈሰች ወድቃ እግሯን ተሰብራለች፣ ሄደን እንጠይቃት» ብለው ነው ያስነሷት። ማሪቱም ለታፈሰች ብርቱካንና ወፍራም ካልሲ በከረጢት ይዛ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች።

ሽሎሞ ነዳጅ ማደያ ገብቶ አቆመ። ማዕያን ትምህርት ቤት የምትማረው የመኪና ጥገና ነው፤ መኪና ላይ ተሰክቶ ብልሽቱን በስልክ የሚያሳይ ትንሽ ማንበቢያ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ከመሪው ሥር ሰካችው። ስልኳ ጥቂት ቆየና «የብልሽት ኮድ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

«እንዴት የለም? መብራቱ እኮ በርቷል!» አለ ሽሎሞ።

«ቆይ ዶድ፣ አትጨቅጭቀኝ። እስቲ ነዳጅ ስጠው።»

ሽሎሞ የነዳጅ መርገጫውን ረገጠው። ስልኩ ላይ የሞተሩ ዙር ወጣ፣ ወረደ። እንግዲያው ማንበቢያው ከመኪናው ጋር በደንብ ተገናኝቷል። ሙቀቱም ልክ ነው። ሞተሩን አስጠፍታ፣ ኮፈኑን ከፍታ ዘይቱን ለካች፤ አልጎደለም። ላልቶ እንደሆን ብላ የነዳጁን ክዳን ፈትታ ቀጭ እስኪል አጠበቀችው። ሽሎሞ እንደገና ሲያስነሳው መብራቱ ያው በርቷል፤ ግን አይርገበገብም፣ ሞተሩም አይንገጫገጭም። መምህሯ ስንቴ ነግረዋቸዋል፦ ከተርገበገበ ወዲያው ቁሙ፤ እንዲሁ ከበራና ሞተሩ ደህና ከሠራ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ ድረሱ። አንዳንዱን ኮድ ርካሽ ማንበቢያ አያየውም፤ አንዳንዴም ጥፋቱ የመብራቱ የራሱ ሽቦ ነው።

የሽሎሞ ስልክ ጠራ። ራቅ ብሎ አነጋገረና ተመልሶ ማዕያንን ከተከፈተው ኮፈን ጀርባ ሳባት።

«ስሚኝ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ያቭኔ አልገቡም፤ መንገዱ ፕካክ ነው፣ ተዘጋግቷል። ቀድመናቸው ከደረስን ለቅሶውን ከደጅ ትሰማዋለች። ሞተሩ ተበላሽቷል በያት። እኔን አታምነኝም፤ በመኪና ነገር አንቺን ነው የምታምነው።»

«ኢማን፣ እናቴን ልዋሻት?»

«ለግማሽ ሰዓት ብቻ! ልቧ ደካማ መሆኑን ታውቂ የለም እንዴ? ቤሰደር? እሺ?»

ማዕያን ዘይት የነካ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ተናዳለች፤ በማን እንደተናደደች ግን ለራሷም አልገባትም። መኪና ጥገና ስትመርጥ ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅባት፣ «ተዉአት፣ ታውቅበታለች» ያለው ቢረሳው ብቻ ነበር። እናቷ እንዳታይ ስትል ለእሱ እንኳ እስካሁን አላለቀሰችም።

ማሪቱ መስኮቱን አወረደች። «ማዕያንዬ፣ ማሽኑ ምን አለ?»

ማዕያን ወደ መስኮቱ ሄደች። ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሷል። ከባድም አይደለም፤ እናቷ ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር የለም፣ ያለቻትን ትቀበላለች።

«ምንም አላለም፣ ኢማ።»

«መኪናው አይሄድም?»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ ለምን ቆምን?»

ሽሎሞ ከኮፈኑ ጀርባ ጉሮሮውን ጠራረገ። ማሪቱ ወደ እሱ አየች፣ ከዚያ ወደ ልጇ። ከረጢቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ታፈሰች... እግሯን በጣም ነው የተጎዳችው?»

ማዕያን ዓይኗን ከእናቷ ዓይን አላሸሸችም።

«ታፈሰች እግሯን አልተሰበረችም፣ ኢማ።»

ማሪቱ ገባት፤ የታፈሰች ቤት የወንድሟም ቤት ነው። እሷም በዕድሜዋ ስንቱን ሰው «እገሌ ትንሽ አሞታል» ብላ ለመርዶ ወስዳለች። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ የወንድሟን ስም ነበር የጠራችው፣ ድምፅ ግን አልወጣትም።

ማዕያን የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ከረጢቱን ከእናቷ ጭን አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ተጠግታ በሁለት እጇ አቀፈቻት። ሽሎሞ ኮፈኑን ዘግቶ መጣና በመስኮቱ ሲያያቸው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?» አለ።

«ግባና ንዳ፣ ዶድ» አለች ማዕያን፤ አሁን እሷም እያለቀሰች ነው። «ቀስ ብለህ። ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱ እኔ ይዣታለሁ።»