የሙኒራ ዶቃና ባሕሩ

ተረት ተረት!
የአሣ እራት!

በሰፊ ባሕር ውስጥ፣ ትናንሽ ደሴቶች ብቻ ያሏት አንዲት አገር ነበረች። ሙኒራ ከአያቷ ጋር እዚያ ትኖር ነበር።

ሙኒራና አያቷ ከደሴት ደሴት በጀልባ እየቀዘፉ አሣ ያጠምዳሉ። ቦጭ! ቦጭ!

አንድ ቀን ከሩቅ አገር ትልቅ መርከብ መጣ። ጉርርር! ጉርርር! ትልቁንም ትንሹንም አሣ በመረብ አፈሰው።

«ኧረ የኛ ነው!» ብላ ሙኒራ ጮኸች።

መርከበኛው ሳቀባት። «ምድሩ የእናንተ፣ ባሕሩ የማንም!»

ሙኒራ በጣም ተናደደች። ሰዎች የእርሻቸውን ድንበር በድንጋይ ሲለዩ አይታለች። እሷም ትልቅ ድንጋይ አምጥታ ባሕሩ ላይ አስቀመጠች።

ቧ! ስጥም!

ሌላ አመጣች። ቧ! ስጥም!

መርከበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ምድሩ የእናንተ፣ ባሕሩ የማንም!»

አያቷ ግን አልሳቁም። «ድንጋይሽ ቢሰጥምም ሐሳብሽ አልሰጠመም፣ የኔ ልጅ» አሏት።

ሙኒራ ዶቃዋን ከአንገቷ አውልቃ አሸዋው ላይ ዘረጋችው። «አያዬ፣ ፍሬዎቹ ደሴቶቻችን ናቸው። መሃላቸው ያለው ባሕር ደግሞ ግቢያችን ነው!»

አያቷ ዶቃውን ይዘው አገሮች ሁሉ ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ሄዱ። ሲመለሱ ሙኒራ ሮጣ ተቀበለቻቸው።

«ምን አሉ፣ አያዬ?»

«እናስብበት አሉ።»

መርከቡ ግን መጣ። ጉርርር! ጉርርር!

የሙኒራ ጥርስ ወለቀ። አያቷ እንደገና ሄደው ተመለሱ።

«ምን አሉ፣ አያዬ?»

«እናስብበት አሉ።»

ጉርርር! ጉርርር!

የሙኒራ ጥርስ መልሶ በቀለ። የአያቷም ጥርስ ወለቀ፤ የሳቸው ግን አልበቀለም።

ከዕለታት አንድ ቀን አያቷ ገና ከጀልባ ሳይወርዱ ተጣሩ። «ሙኒራ! ባሕሩ የኛ ነው! አገሮች ሁሉ አመኑልን!»

ደሴቶቹ በጭብጨባ ተናጉ። ጨብ! ጨብ! ጨብ! መርከቡም ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ሙኒራና አያቷ ወዲያው መረብ ጣሉ። ባዶ! ደግመው ጣሉ። ባዶ!

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ አያቷ። በጣም አዝነው ነበር። ሙኒራም አለቀሰች።

አንዴ ደግሞ ጣሉ። ጣት የምታህል አንዲት አሣ ወጣች።

ሙኒራ ርቧታል። አሣዋን አየቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ መለሰቻት። ጥልቅ!

«ሂጂ፣ እደጊ» አለቻት። «ግቢሽ ነው።»

ማታ ገንፎ ያለ አሣ በሉ። አያቷ ዶቃውን አንገቷ ላይ ሊያስሩላት ሞከሩ፤ ጠበባት። ሳታስበው አድጋለች። እጇ ላይ ጠመጠሙላትና ጋቢ አለበሷት።

ሙኒራ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ጉርርር የሚል የለም። አያቷን አቅፋ ተኛች።

ተረቴን መልሱልኝ፣
አሣዬን ባሕር አድርሱልኝ።