ከዘጠኝ ወደ ዜሮ

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ለመርማሪዋ ሲደውል ብዙ አላወራም። «ሰውየውን የገደላቸው ካንሰሩ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናውም አይደለም። አየር ነው» አላት።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ካንሰር የያዘው የሳንባቸው ክፍል ተቆርጦ ከወጣ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከተሰፋው ቦታ አየር ያፈስ ስለነበር ከጎናቸው የወጣ ቱቦ አየሩን እየሳበ ወለል ላይ ወደተቀመጠ፣ ውሃ ወዳለበት ጠርሙስ ያወርደዋል። ባሳሉ ቁጥር ውሃው አረፋ ይሠራል። ያ ቱቦ ከታፈነ አየሩ ደረት ውስጥ ይጠራቀምና ሳንባን ይደፈጥጣል፣ ልብንም ይገፋል። አንድ ሰው አፍኖታል፤ ኋላም ከፍቶታል።

ሆስፒታሉ በዚያ ሰሞን ሁለት ዘዴዎችን ያወዳድር ነበር። ደረት በሰፊው መክፈት ቀርቶ አንደኛው ሐኪም በአንዲት ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ይሠራል፤ ሌላው በሦስት። ሕመምተኛው በዕጣ ይመደባል፤ ሕመሙ፣ ቱቦው የቆየበት ቀን፣ ቤቱ የገባበት ቀን ይመዘገባል። ነርሶቹ ሐኪሞቹን «አንዴ» እና «ሦስቴ» ብለው ሰይመዋቸዋል። ለመምህሩ አንዴ ወጣላቸው፤ አጠገባቸው ለተኛው የጭነት መኪና ሾፌር ሦስቴ። ሁለቱ ጎናቸውን ገልጠው ቁስላቸውን ሲያስተያዩ ሾፌሩ፣ «የእርስዎ አንድ በር፣ የእኔ ሦስት መስኮት፤ የሚገባው ብርድ ግን ያው ነው» እያለ ያስቃቸው ነበር።

መርማሪዋ የመጣች ዕለት የሁሉም ጣት ወደ ሦስቴ ያመለክት ነበር። የአንዴ ሕመምተኛ ሲሞት የሚጠቀመው እሱ ነው ተባለ። እሷ ወሬውን ሰማች እንጂ አልዋጠችውም። ቱቦውን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየች። ጥርስ የነከሰው የሚመስል ምልክት አለበት። በሕመምተኞች ክፍል ቱቦ የሚዘጋባቸው መቆንጠጫዎች አፋቸው በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ጥርስ ያለው የሚገኘው ሁለቱ ሐኪሞች ከሚከፍቱት የቀዶ ክፍል ሳጥን ብቻ ነው።

ተረኛዋ ነርስ መምህሩ የሞቱበትን ጠዋት ያስታወሰችው እንደምንም ነበር። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከሾፌሩ ቱቦ ደም ይወርድ ጀመር። ሐኪሙ ሦስቴ አንዴን ተጣራ፣ አንዴም ሮጦ ደረሰለት፣ እሷም አልጋውን ወደ ቀዶ ክፍል እየገፋች ተከተለች።

«መምህሩ ደወል አልተጫኑም?»

«ሁለት ጊዜ ተጭነዋል» አለች አንገቷን ደፍታ። «ለሾፌሩ ደም ይዤ እየሮጥኩ ነበር። መጣሁ፣ መጣሁ እያልኩ ቀረሁ።»

የመምህሩ ልጅ በዚያ ሰዓት ምላጭ ልትገዛ ወጥታለች፤ አባቷ ጢማቸውን ሊላጩ ፈልገው ልከዋት ነበር። ሐኪሙ አንዴ ድሮ ያስተማሩት ልጅ ስለሆነ ዕጣው ለእሱ ሲያወጣቸው ደስታቸው ወሰን እንዳልነበረው ነገረቻት። ከዚያ ደብተራቸውን አወጣች። ሥራ መፍታት የማይሆንላቸው ሰው በአንድ ሳል ስንት አረፋ እንደሚወጣ እየቆጠሩ ይጽፉ ነበር። መርማሪዋ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ደጋግማ አነበበች፤ ደብተሩንም ለአንድ ቀን አዋሺኝ አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ሐኪሞች፣ ነርሷንና የመምህሩን ልጅ በሐኪሞቹ ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቱቦውን የነከሰው የቀዶ ክፍል መቆንጠጫ ነው» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ነርሷና ልጃቸው የሉበትም። የቀራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። መምህሩ እንዲህ ጽፈዋል፦ ሦስት ተኩል፣ ስምንት። አራት ሰዓት፣ ዘጠኝ። አራት ከአሥር፣ ዜሮ። የሒሳብ ሰው ዘጠኝ በአሥር ደቂቃ ዜሮ ሲሆን ዝም አይልም። እሳቸው ግን አልደነገጡም፤ ማን እንደዘጋው አይተዋል። ከዜሮው አጠገብም በቀይ እርሳስ ‹ጎበዝ› ብለው ጽፈዋል።»

ደብተሩን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«መምህር ጎበዝ የሚለው ተማሪውን ነው። ከሁለታችሁ ተማሪያቸው ሆኖ እሳቸው ፊት የተቀመጠው አንዱ ብቻ ነው።»

አንዴ አላንገራገረም። ሳንባው ያለ ቱቦ ይችል እንደሆነ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ዘግቶ ሊሞክር እንደነበር ተናገረ። ሙከራው የሚፈቀደው አረፋው ከቆመ በኋላ መሆኑን ያውቃል፤ ቅዳሜ ቤትዎ ይገባሉ ብሎ ቃል ስለገባላቸው ቸኮለ። ብርድ ልብሱን መልሶ ሲያለብሳቸው ሾፌሩ ደማ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ እጁ ከሰው ደረት አልወጣም። ሲመለስ ሌሎች መምህሩን ለማዳን ሲረባረቡ አገኘ፤ መቆንጠጫውን አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«የቸኮልከው ለመዝገቡ ነው? ቱቦው ቶሎ ወጣ እንዲባል?» አለ ሦስቴ።

«ለመዝገቡም ነው። ሌላ ሰው ቢሆኑ ግን እጠብቅ ነበር» አለ አንዴ።

መርማሪዋን ሌሊቱን ያላስተኛት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ምልክቱ ያለው ከደረታቸው አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ፣ በቀኝ እጃቸው በኩል ነው።

«እጃቸው ይደርስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ትንፋሽ ሲያጥራቸው ለምን አልፈቱትም?»

አንዴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እስክመለስ እንዳይነኩት ነግሬያቸው ነበር።»

ልጃቸው አሁን ዞራ ሦስቴን አየችው። «ሾፌሩስ?»

«ድኗል» አለ ሦስቴ ወደ አንዴ እያመለከተ። «እሱ ባይደርስልኝ ብቻዬን አልችለውም ነበር።»

ተነስታ ወጣች። መርማሪዋ አንዴን ለፖሊሶቹ አስረክባ ስትከተላት ሾፌሩ አልጋ አጠገብ አገኘቻት። ሾፌሩ ገና መንቃቱ ነው፤ ማንም ምንም አልነገረውም።

«ልጄ፣ አባትሽ የሉም እንዴ?» አላት ባዶውን አልጋ እያየ። «ከእኔ ቀድመው ቤት ገቡ?»

ትራሱን አስተካከለችለት። «አዎ ጋሼ፣ ቀደሙዎት።»

«ይሁና» አለ ፈገግ ብሎ። «አሸነፉኝ በያቸው።»

«እሺ» አለችው። አንሶላውን እስከ ደረቱ አልብሳው ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መርማሪዋ ከወለሉ አላነሳቻትም። አጠገቧ ተቀመጠች።