ሁለቱ ፓርቲዎች የታረቁ ጊዜ

ሶርካ ሃንሊ ከፊንታን ዴሲ ጋር የተዋወቀችው ከደብሊን ራቅ ባለችው በሮስኮመን ከተማ የስፖርት አዳራሽ፣ የምርጫው ድምፅ ሲቆጠር ነው። እሷ የፊያና ፎል ፓርቲ፣ እሱ የባላንጣው የፊኔ ጌል ታዛቢ ነበሩ። ከቆጣሪዎቹ የሚለያቸውን አጥር ጎን ለጎን ተደግፈው የድምፅ መስጫው ወረቀት ሲገለጥ እያዩ ሳለ እርሳሷ ተሰበረ። ፊንታን የራሱን ሰጣት።

«አንተስ በምን ልትጽፍ ነው?»

«የኛ ሰውዬ ድምፅ በጣት ተቆጥሮ ያልቃል።»

ሳቋ አመለጣት። ቀና ስትል አባቷ ከማዶ አፍጥጠው እያዩዋት ነበር።

የአባቷን የማላኪን አያት በእርስ በርሱ ጦርነት የገደሏቸው በኋላ ፊኔ ጌል የሆነው ወገን ወታደሮች ናቸው። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በሃንሊ ቤት ግን የትናንት ያህል ነው።

«የዴሲ ልጅ ደጄን እንዳይረግጥ!» አሏት።

እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ ከእሷ ሌላ ሰው የላቸውም። ስለዚህ ፊንታንን ከመንደር ራቅ ባለው መንገድ ላይ ብቻ ታገኘው ጀመር። ብዙ አይነጋገሩም፤ ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ ይሄዳሉ።

በምርጫው ብቻውን የሚበቃ ወንበር ያገኘ ፓርቲ አልነበረም። ድርድሩ ወራት ፈጀ። በበጋው መግቢያ ላይ ግን ሁለቱ የጥንት ባላንጣዎች አብረው መንግሥት ሊመሠርቱ ተስማሙ። ሶርካ ዜናውን ሰምታ በደስታ ወደ አባቷ ሮጠች።

ማላኪ ሬዲዮውን ዘጉት።

«ደብሊን ሄደው ይሳሳሙ! ያ ልጅ ግን እኔ ቤት አይገባም።»

የፓርቲ ወዳጆቻቸው ስምምነቱን ሲደግፉ ማላኪ አኮረፏቸው። ስልካቸው መጮህ አቆመ፤ ምግብም ተዉ።

«ትቻቸው ብመጣ ይሰበራሉ» አለችው ፊንታንን። «ጠብቀኝም አልልህም።»

ፊንታን እጇን ያዘ። በማግስቱ ጠዋት ማላኪ የበጎቹን አጥር ሲጠግኑ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ሶርካ ከኩሽናው መስኮት አየችውና ክው አለች።

«አቶ ማላኪ፣ ሶርካን ላገባት እፈልጋለሁ።»

«አለቆቻችን ተቃቀፉ ብለህ ነው?»

«እኔማ በዚያ ተናድጄ ከፓርቲዬ ወጥቻለሁ። በምርጫው ጊዜ ከእናንተ ጋር አንሠራም እያልኩ ሰው ቤት ሁሉ ዞሬያለሁ። አሁን በምን ዓይኔ ልያቸው?»

የማላኪ መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

«እኔስ ምን አልኩ? ይሄንኑ አይደል? የሚሰማኝ ሰው ጠፋ እንጂ!»

ሁለቱም እየጮኹ መንግሥቱን አብጠለጠሉት። ከዚያ ማላኪ በድንገት መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ያንተ ወገኖች አያቴን ገድለዋል።»

ፊንታን ባርኔጣውን አወለቀ። «አውቃለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ግን አላውቅም። ቢነግሩኝ እሰማለሁ።»

ከዚያኛው ወገን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ማላኪ አፋቸውን ከፈቱ፤ ስለ አያታቸው ብዙ አወሩ። በመጨረሻ ወደ ቤቱ ዞሩ።

«ሶርካ! ይሄ ሰውዬ ሻይ አይጠጣም እንዴ?»

ሶርካ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ማንቆርቆሪያውን ጣደች።

በመከር መግቢያ ተጋቡ። ማላኪ ብርጭቆ አንስተው ሙሽሮቹን ትክ ብለው አዩ።

«ይሄ መንግሥት እስከ ገና አይቆይም» አሉ። «እናንተ ግን ቆዩልኝ።»