ለተማሪ የማይከፈት በር

ልብስ ሰፊዋ የአንድ ግራጫ ሱሪ እግር አሳጥራ እጥፉን በእጇ ትሰፋ ነበር። የግቢው በር ሲንኳኳ ቀና አላለችም። ዳግም ሲንኳኳ መርፌውን ስባ አወጣችና መልሳ ወጋች። ቆይቶ አንድ የሴት ድምፅ፣ «ፖሊስ ነኝ፤ እባክዎ ይክፈቱልኝ» ሲል ጊዜ ሱሪውን ወንበር ላይ ጥላ ብድግ አለች።

«ይቅርታ የኔ እህት፣ ተማሪ መስለሽኝ ነው።»

«ለተማሪ አይከፈትም?»

«እዚህ ሰፈር አይከፈትም። ተነጋግረን ነው። ዛሬ መዶሻ፣ ነገ ጨው፤ ሲላቸው ደግሞ አንኳኩቶ መሮጥ። ለሥራ ከመጡ በመስኮት እቀበላቸዋለሁ።»

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። ግቢውን በዝግታ አየችው። ባልተለሰነው የጡብ ግድግዳ ላይ መሰላል ተደግፏል፤ የመሰላሉ ጫፍ ኖራ ነክቶታል። ቤት ገብታ ሱሪውን አነሳች። ወገቡ ላይ በጠመኔ «ዘፋኙ» ተብሎ ተጽፏል።

«የሟቹ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። «ስሙን አላውቀውም። ጠዋት ጠዋት ገላውን ሲታጠብ ስለሚዘፍን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚለው።»

ልጁ የሞተው ከትናንት በስቲያ ጠዋት በጎረቤት ግቢ ነው። ያ ቤት ድሮ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር፤ አሁን አከራዩ በጣውላ ከፋፍሎ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያከራየዋል። ሰፈሩ «ቀፎው» ይለዋል። አብሮት የሚኖረው ጓደኛው የመታጠቢያ ቤቱን በር ሰብሮ ሲገባ፣ ልጁ ወለሉ ላይ ወድቆ እንዳገኘው ተናግሯል። ጎረቤቶቹ ግን ሁለቱ ሲጣሉ መስማታቸውን አንድ ላይ ስለመሰከሩ ጓደኛው ታስሯል። ሐኪሙ ሟቹን የገደለው ምት ሳይሆን የጋዝ ውኃ ማሞቂያው ጭስ መሆኑን ቢያረጋግጥም፣ ጓደኛውን አላዳነውም። የጭስ መውጫው ክፍት ሆኖ ስለተገኘ፣ የመርማሪዋ አለቃ «ዘግቶት ነበር፤ ሲሞትለት ከፈተው» አለ። ነገ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ነው።

አከራዩ መርማሪዋን የቁልፍ ዘለላውን እያንቀጫቀጨ ተቀበላት። ሳትጠይቀው ቤቱ ምንም እንከን እንደሌለው ነገራት። የጭስ መውጫው በሌላኛው ጎረቤት፣ በጡረተኛው መምህር ግቢ በኩል ስለሚከፈት፣ መምህሩ በዘፈኑ ተማረው ቀዳዳው በቧንቧ ወደ ጣሪያ እንዲወጣ ደጋግመው እንደለመኑትም አልደበቀም።

«እና ምን አሏቸው?»

«እሺ፣ ነገ።»

መርማሪዋ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ወጥታ ቀዳዳውን መረመረችው። ከውስጥ በኩል የብረት ወንፊት ተገጥሞበታል፤ ወንፊቱ ከነብሎኑ ከግድግዳው ጋር ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ የትም ቦታ አልተሰነጠቀም። ከወንፊቱ ወዲያ ቀዳዳው ተወልውሎ የጸዳ ይመስላል። ከጎኑ ያለው የኩሽናው ቀዳዳ ግን በሸረሪት ድርና በአቧራ ተሞልቷል።

ጡረተኛው መምህር ጂኦግራፊ ያስተማሩት ለግማሹ ከተማ ነው፤ መርማሪዋንም አስተምረዋል። አንድ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው በከዘራ እየተደገፉ መጥተው አስቀመጧት። ሰፈሩ የቤተሰብ ሰፈር እንደነበር፣ አሁን ግን የመንገደኛ ማረፊያ መሆኑን በዚያ በተለመደው ሥርዓታቸው፣ ነጥብ በነጥብ አስረዷት። እሷ እየሰማች ከበላያቸው የተሰቀለውን የሸራ ካርታ ታይ ነበር። ታውቀዋለች፤ ድሮ በክፍል ውስጥ ባሕሮቹን በዱላ ያሳዩአት በዚሁ ካርታ ነው። ሸራው ተኮማትሯል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፣ በአንድ ወገን ቡናማ የጭስ እድፍ ይዞታል።

«ጠቡን ሰምተዋል፣ ጋሼ?»

«ሰምቻለሁ። ቃሉን ግን አልለየሁም፤ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም፣ ልጄ።»

«ዘፈኑንስ ይለዩት ነበር?»

«ምኑን ትጠይቂኛለሽ፤ ግጥሙን በቃሌ ይዤልሻለሁ» ብለው ፈገግ አሉ። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ብዙ አልቆየም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም በመምህሩ ሳሎን ሰበሰበች። እስረኛው እጁ በካቴና እንደታሰረ በሩ አጠገብ ቆመ፤ አንድ ትከሻው አብጧል። አከራዩ ቁልፎቹን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ዝም አሰኛቸው። መርማሪዋ ጸጥ እንዲሉ ጠየቀቻቸው። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ፣ አንድ ፖሊስ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ቃል በቃል ተሰማ፦ «እዚህ ቤት ሳሙና የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

ማንም አልሳቀም።

«ቀዳዳው ሲከፈት እንዲህ ይሰማል» አለች መርማሪዋ። «ጋሼ ግጥሙን በቃላቸው የያዙትም ለዚህ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ጩኸት እየሰሙ ቃሉን አልለዩም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ቀዳዳው ተደፍኖ ነበር።»

«በማን?» አለ አከራዩ።

«ከውስጥ እንዳይባል ወንፊቱ አልተነካም። በውጭ ያለው ደግሞ የጋሼ ግቢ ነው፤ ለተማሪ የማይከፈት ግቢ። የተደፈነውም ተጠቅልሎ ክብ በሚሆን፣ እንፋሎትና ጭስ በሚጠጣ ነገር ነው።» ካርታውን በእጇ አላሳየችም። ሁሉም ግን ቀና ብለው አዩት። «ጋሼ ብቻቸውን መሰላል ላይ መውጣት አይችሉም። በጋሼ ግቢ በኩል ቀዳዳው ያለበት ግድግዳ ኖራ ነው፤ ጫፉ ላይ ኖራ የነካው መሰላል ግን ያለው ግድግዳው ጡብ በሆነ ግቢ ውስጥ ነው።»

«የያዝኩላቸው እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወለሉን እያየች። «ዘፈኑ ይቀንስልናል ብለን ነው። እግዜር ያውቃል፣ ሌላ አላሰብንም።»

«ሌላ እንዳላሰባችሁ አምናለሁ» አለች መርማሪዋ። «ግን ልጁ እንደሞተ መሰላሉን እንደገና ይዘውላቸዋል።»

መምህሩ ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ። ክፍል ውስጥ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ልጁ መሞቱን ስሰማ ገባኝ። አወረድኩት። መጣል አቃተኝና መልሼ ሰቀልኩት።» ወደ እስረኛው ዞሩ። «ይህን ልጅ ሲያስሩት በመስኮት አየሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ሲነጋም ነገ አልኩ። ለሰው ልጅ የምቆም ሰው ይመስለኝ ነበር።»

እስረኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ጠብ አልነበረም። ክፈት እያልኩ በሩን ስደበድብ ነው የሰማችሁት። ሲያቅተኝ የሚሰብር ነገር ፍለጋ ወጣሁ፤ በራችሁን ሁሉ አንኳኳሁ።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «እርስዎ ቤት የስፌት ማሽኑ ይሰማኝ ነበር፣ እትዬ። ሳንኳኳ ቆመ። ሊከፍቱልኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ማሽኑ እንደገና ጀመረ።»

አከራዩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያን ጊዜ በሩ ቢሰበር ልጁ ይተርፍ እንደነበር ጠየቀ። መርማሪዋ መልሱን ከሐኪሙ ይዛው ነበር፤ ማንንም ሳታይ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ይተርፍ ነበር» አለች። አከራዩ ከዚያ ወዲያ ከኪሱ እጁን አላወጣም።

የእስረኛው ካቴና ተፈታ። መርማሪዋ ካርታውን ከሚስማሩ አወረደች፤ ስትጠቀልለው እድፉ ክብ ሆኖ ገጠመ። መምህሩ ክንዷን እንዲይዙ ስትጠይቃቸው፣ «ተዪኝ ልጄ፣ በራሴ እሄዳለሁ» አሏት፤ መንገደኛው ሁሉ እያያቸው በከዘራቸው ወጡ። ልብስ ሰፊዋን ጠዋት ጣቢያ ቀርባ ቃሏን እንድትሰጥ አዘዘቻት።

ልብስ ሰፊዋ ደጅ ላይ የተፈታውን ልጅ ደረሰችበት። ልትለው የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ያለችው ግን ይህን ብቻ ነው፦

«ስሙን ንገረኝ።»

ልጁ ትንሽ አያትና ነገራት።

ቤቷ ገብታ ግራጫውን ሱሪ ከወንበሩ አነሳች። የቀረውን እጥፍ ሰፍታ ክሩን ቋጠረች፣ በጥርሷ በጠሰችው። ወገቡ ላይ ያለውን የጠመኔ ጽሕፈት በብሩሽ አራገፈች፤ አልለቅ ሲላት በእርጥብ ጨርቅ አሸችው። ስሙን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። ከዚያ ሱሪውን በእጥፉ ልክ አጣጥፋ፣ ባለቤቱ መጥቶ የሚወስደው ያለቀ ሥራ በሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው።