ሕመሙን ያልነገረው ገላ

በናርዳ መንግሥት የወንዞች ሁሉ እናት የነበረችው ምንጭ በአንድ ጀምበር ደረቀች። ውኃዋን የሚያፈልቀውን ሰማያዊ ዕንቁ ባለ ክንፉ ዘንዶ ዛሁር ከሥሯ ነቅሎ ወደ ዋሻው ወስዶት ነበር። ከብቱ አለቀ፤ ሕፃናት እንደ ቅጠል ረገፉ። ንጉሡ ጦረኞቹን ሰብስቦ «ማን ይሄድልኛል?» ቢል ሁሉም አቀረቀሩ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ታልሚን።

ጉባኤው አጉረመረመ። ታልሚን ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ የገዛ ገላው ግን የራቀበት ወጣት ነበር። ረሃቡ ሳይሰማው ውሎ ያድራል፤ አንዳንዴ ደግሞ የልቡ ምት የጠላት ኮቴ መስሎት ሰይፍ ይመዛል። ያን ጊዜ ታላቅ እኅቱ መሬዋ ደረቱን ዳብሳ «ልብህ ነው፣ ወንድምዓለም፤ ማንም አልመጣም» ትለዋለች።

መሬዋም ጦሯን አንሥታ «ምንጯ ትመስክርብኝ፣ ያለ እኔ አይሄድም!» ስትል ማለች።

ወደ ዋሻው በሚወስደው በረሃ «ጠጣ» ስትለው ይጠጣል፤ «ዕረፍ» ስትለው ያርፋል።

«ገላዬ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ነው፣ እትዬ» አላት አንድ ቀን። «መጣራቱን እሰማለሁ፤ የሚለውን ግን አልለየውም። አንዳንዴ ደግሞ ጆሮዬ ሥር ይጮኽብኛል።»

ዋሻው አፍ ሲደርሱ ምድር ተንቀጠቀጠች። «ልቤ ነው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቃት።

«አይደለም። ይህስ እርሱ ነው።»

ዛሁር በክንፉ መሬዋን ከዐለት ጋር አላተማት። ታልሚን ዘሎ በመካከል ገባና ሰይፉን በጉሮሮው ሰካበት። አውሬው ሲወድቅ እሾሃማ ጅራቱ በጨለማው ውስጥ ተወራጨ። ታልሚን ዕንቁውን አንሥቶ ከካባው ሥር በጎኑ ሸጎጠው።

«ተጎዳህ እንዴ?» አለች ክንዷ የተሰበረው መሬዋ።

«አልተጎዳሁም። ጎኔን ትንሽ ሞቀኝ እንጂ፤ ዕንቁው ይሆናል።»

እርሷም በሕመም ዓይኗ ጨልሞ ነበርና አመነችው። በጀርባው አዝሏት ወጣ።

ዕንቁውን በቦታው ሲያኖር ውኃው እያገሳ ፈለቀ፤ ሕዝቡም በእልልታ ጎረፈ። ታልሚን ግን ዳር ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ይህስ ድካም ነው» አላት ፈገግ ብሎ። «ሳትነግሪኝ ለየሁት።»

ካባውን ስትገልጥ የዘንዶው እሾህ ጎኑ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል፤ ደሙ እስከ ጫማው ወርዷል። ስሙን እየጠራች ደረቱን ብትዳብስ የልቡ ምት ቆሟል።

ንጉሡ ቀርቦ «ሕመም የማያውቀው ጀግና!» ሲል አወደሰው።

«እንዲህ አይበሉት፣ ጃንሆይ» አለች መሬዋ። «ከሁላችሁ ይልቅ ይፈራ ነበር። እየፈራ ሄደ።»

ሕዝቡ ውኃውን እየተራጨ ሲጠጣ፣ እርሷ ከንፈሯ እንደ ደረቀ በደኅናው እጇ የወንድሟን ደም ታጥብ ነበር።